የሰማይ ስሌትና የዳንግላ ዝናም ለኪዎች ዜና

ይህ ዜና የተጻፈው በአገው ምድር፣ በዳንግላ ወረዳ፣ የዳንግሽታ ሰዎች ሥራ እንዳይረሳ ነው።

አስቀድመን የአየር ትንበያ ስሌትን ትውልድ እንናገር። እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በአውሮፓ ላይ የነበረውን የግንቦት 12 ቀን 1902 ዓ.ም አየር መረጠ። ሰማዩን እንደ ገበጣ ከፋፍሎ በየክፍሉ የግፊቱንና የነፋሱን ልክ አኖረ፤ ከዚያም የስድስት ሰዓቱን ለውጥ በእጁ አሰላ። ይህንም የሠራው በፈረንሳይ ጦር ሜዳ ቁስለኛ እያመላለሰ ነው። የመነሻው ልኬት አልተስተካከለምና ስሌቱ አልሰመረለትም።

እ.ኤ.አ. በ1928 የሒሳብ ሊቃውንቱ ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌዊ የእንዲህ ያለውን ስሌት ሕግ አገኙ፦ በቀጥታ ወደ ፊት በሚራመድ ስሌት አንዱ የጊዜ እርምጃ፣ በስሌቱ የሚሄደው ማዕበል አንዱን ክፍል ከሚያቋርጥበት ጊዜ አይብለጥ፤ ቢበልጥ ቁጥሩ እያበጠ ይፈርሳል። በ1942 ዓ.ም ቻርኒ፣ ፊዮርቶፍትና ፎን ኖይማን በኤኒያክ ኮምፒውተር የአንድ ቀን ትንበያ በአንድ ቀን ያህል ጨረሱ።

በአገራችን በታኅሣሥ 1973 ዓ.ም የሜትሮሎጂ አገልግሎት በአዋጅ ቆመ።

አሁን ወደ ዳንግላ እንመለስ። ወረዳዋ በዓመት 1600 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናም ታገኛለች፤ የሚበዛውም ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይወርዳል። በ2006 ዓ.ም የዳንግሽታ ገበሬዎች ከኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጋር ተባብረው ዝናሙን፣ የወንዙን ከፍታና የጉድጓዱን ውሃ መለካት ጀመሩ። ክረምት ለገበሬ እርሻና አረም የሚደራረብበት ወቅት ነው፤ እነርሱ ግን በዚያ ሁሉ መካከል ልኩን ጻፉ። በ2008 ዓ.ም የምርመራው ውጤት ሲታተም፣ የገበሬዎቹ ቁጥር ከመንግሥት የሜትሮሎጂ ጣቢያ ጋር የተስማማ፣ ከሳተላይትና ከኮምፒውተር ሞዴል ከወጣው የዝናም አሃዝም የታመነ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሞዴሉ አንድ ክፍል በብዙ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ በእንጅባራ ከተማ ሲዘንብ በዳንግላ ቢያባራም፣ በአንድ ክፍል ከዋሉ ለሁለቱ የሚሰጠው ልክ አንድ ነው። ገበሬው ግን በደጁ የወረደውን ለካ።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፣ ስሌት ምንም ቢረቅ ከልኬት እንደማይበልጥ ነው። ሪቻርድሰንም ቢሆን የጎደለው ጥበብ አልነበረም፤ የቀና መነሻ ነው። ስለዚህ ትንበያ እንዲቀናለት የሚወድ ሹም በየቀበሌው ለኪ ያቁም፤ ለድካሙም ዋጋውን ይክፈለው።