ቢራቢሮ ስንት እግር አላት?

ዛሬ ከፖለቲካውም ከኳሱም ወጣ ብለን የቢራቢሮ ወሬ ልናወራችሁ ነው። አትሳቁ! ወሬው አፄ ቴዎድሮስ ዘመን ድረስ ይወስደናል።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ላፍቶ ነው። በመስከረም አንድ ቅዳሜ ወንዙ ዳር ቁጭ ብለን ስናወጋ አንዲት ብርቱካናማ ቢራቢሮ ኮሸሽላ ላይ አረፈች። "ይቺ ምን ትባላለች?" አለች ከመሀላችን አንዷ። ሁላችንም ባንድ አፍ "ቢራቢሮ!" አልን። ከዚያ በላይ የምናውቀው አልነበረም። ጠጋ ብለን እግሯን ብንቆጥር ደግሞ አራት ሆነብን። ትምህርት ቤት "ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው" ብለን ሸምድደን አልነበር እንዴ?

ኋላ ስናነብ ገባን። እግሮቿ ስድስት ናቸው፤ የፊተኞቹ ሁለቱ ግን አጥረው፣ ጠጉር ለብሰው፣ እንደ ብሩሽ ሆነው ደረቷ ሥር ታጥፈዋል። የምትቆመው በአራቱ ነው። "ብሩሽ እግር" የሚባሉት በሳይንስ ስማቸው ኒምፋሊዴ ሲሆኑ፣ በዓለም ላይ 6,000 ያህል ዝርያዎች አሏቸው።

ታሪኩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከእነዚህ ዝርያዎች አንዷ የአገራችንን ስም ይዛለች፤ ቫኔሳ አቢሲኒካ። የደጋ ቢራቢሮ ናት፤ ጥቁር ቡናማ ክንፏ ላይ ቀይ ብርቱካናማ መቀነት አላት። ስሙን ያወጡላት እ.ኤ.አ. በ1867 ካዬታን ፌልደርና ልጃቸው ሩዶልፍ ናቸው። አባትየው ጠበቃ ነበሩ፤ በዓመቱ የቪየና ከንቲባ ሆነዋል። ስሙ የወጣበት መጽሐፍ ኖቫራ የተባለችው የኦስትሪያ መርከብ ከ1857 እስከ 1859 ዓለምን የዞረችበትን ጉዞ የሚዘክር ነው። የሚገርመው፣ መርከቧ በዚያ ጉዞ ቀይ ባሕርን እንኳ አልነካችም! ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1866፣ እንግሊዛዊው አርተር በትለር ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ለምትገኝ ሌላ ብሩሽ እግር ካራክሰስ ፌበስ የሚል ስም ሰጥቷል።

ልብ በሉ፤ ጊዜው የመቅደላ ዋዜማ ነው። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አፄ ቴዎድሮስ ሞቱ፤ ዘውዱና የብራና መጻሕፍቱ ተጋዙ። ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዊልያም ብላንፎርድ የሚባል የሥነ ምድር ተመራማሪም መጥቶ ነበር፤ በ1870 እ.ኤ.አ. ስለ አገራችን ድንጋይና እንስሳት መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሬ "የመቅደላ ቅርስ ይመለስ!" እንላለን፤ ልክም ነን። ቢራቢሮዎቹን ግን ማንም አልጨረሰብንም፤ አሁንም አገራቸው ናቸው። የጎደለው የእኛ ዓይን ነው።

እስቲ ዓይናችንን እናሠልጥን። ክንፈ ብርቱካናማ፣ ጫፉ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ቢራቢሮ ስታዩ አትቸኩሉ። የኋላ ክንፉ መሀል ላይ ሦስት ወይም አራት ጥቁር ነጥቦች ካሉ ዳናውስ ክሪሲፐስ ናት። አባጨጓሬዋ ሲቆረጡ ነጭ ወተት የሚያወጡ ተክሎችን ስለሚበላ መርዛማ ናት፤ ወፎች አይደፍሯትም። ነጥቡ አንድ ብቻ ከሆነ ግን ተታላችኋል! ሂፖሊምናስ ሚሲፐስ ናት፤ መርዝ የላትም፤ የሌላዋን ልብስ ለብሳ ነው የምትኖረው። ባሏን ብታዩት ደግሞ ዘመዷ አይመስላችሁም፤ ጥቁር ሆኖ ወይን ጠጅ ጠርዝ ያላቸው ትልልቅ ነጭ ክቦች አሉት።

የእኛዋ የላፍቶ እንግዳስ? የኋላ ክንፏ ዳር ላይ ጥቁር ክብ ነጥቦች ተደርድረው ነበር። ቫኔሳ ካርዱይ ናት። ሊኒየስ በ1758 ያወጣላት ስም ከኮሸሽላ መሰል እሾሃማ ተክል የመጣ ነው፤ እኛም ያየናት እዚያው ላይ! ዝርያዋ በትውልድ ቅብብል ሰሃራን አቋርጦ አውሮፓ ደርሶ የሚመለስ ነው። እኛ ፓስፖርት ስንጠብቅ እሷ ትበራለች።

በየወንዙ ዳር ኮንክሪት እየፈሰሰ ነው። ሰፈር መሠራቱን አንጠላም፤ እኛም ቤት እንፈልጋለን። ግን በስም የማናውቀው ነገር ሲጠፋ "የት ሄደች?" የሚል አይኖርም። ስለዚህ በሚመጣው መስከረም ከአደይ አበባው ጋር ፎቶ ስትነሱ አበባው ላይ ያረፈችውንም እዩልን። መጀመሪያ እግሯን ቁጠሩ፤ ከዚያ ነጥቧን።

ቸር እንሰንብት!