በጦር ሰፈር የተጻፈ ማስታወሻ

የኢንጂነሪንግ ሰው ስለ ሮም ንጉሠ ነገሥት ምን አገባው ትሉ ይሆናል። የማርከስ ኦሬሊየስን ማስታወሻ ያነበብኩት የላብራቶሪ ሥራዬ አልሳካ ብሎኝ በተበሳጨሁበት ሰሞን ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ደግሞ ፍልስፍናው ሳይሆን አድራሻው ነበር። በሁለት ቦታ የተጻፈበት ስፍራ ተጠቅሷል፤ አንዱ በዛሬዋ ስሎቫኪያ የሚፈስ ወንዝ፣ ሌላው በዛሬዋ ኦስትሪያ፣ በዳኑብ ዳር የነበረው የካርኑንቱም የጦር ሰፈር። ሰውየው እኮ የሚጽፈው ጦር ሜዳ ሆኖ ነው!

ማርከስ ሥልጣን የያዘው እ.ኤ.አ. በ161 ነው። ብዙም ሳይቆይ በምሥራቅ ከፓርቲያ ጋር ጦርነት ተነሳ። ከዚያ የተመለሱት ወታደሮች ወረርሽኝ ይዘው መጡ። ሐኪሙ ጋለን ትኩሳቱንና በቆዳ ላይ የሚወጣውን ሽፍታ ጽፎልናል፤ ብዙ ተመራማሪዎች ፈንጣጣ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በሰሜን ደግሞ የጀርመን ነገዶች ዳኑብን ተሻገሩ። ቤቱም ሰላም አልነበረም፤ ቢያንስ 13 ልጆች ወልዶ አብዛኞቹን በልጅነታቸው ቀብሯል።

ማስታወሻውን የጻፈው በላቲን ሳይሆን በግሪክኛ ነው፤ ለማሳተምም አልነበረም፣ ራሱን ለመምከር ነው እንጂ። የስቶይክ ፍልስፍናን ያቀመሰው ሩስቲከስ የሚባል መምህሩ የኤፒክቴተስን ትምህርት አውሶት ነበር። ኤፒክቴተስ ደግሞ ባሪያ የነበረ ሰው ነው። ዋናው ሐሳብ፣ በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ የሚል ነው። ለኔ ይሄ ቶሎ ገባኝ፤ ድልድይ የሚነድፍ ሰው ነፋሱን አይመርጥም፣ ብረቱን ግን ይመርጣል።

ችግሩ ግን እዚህ ላይ ነው። በንጉሠ ነገሥት እጅ ያለው ነገር ብዙ ነው። የባሪያውን ፍልስፍና የወደደው ሰው የባሪያ ሥርዓትን አላስቀረም። ያ መጽሐፍ ያዋሰው ሩስቲከስም በኋላ የሮም ከተማ ገዢ ሆኖ፣ በ165 አካባቢ ክርስቲያኑን ፈላስፋ ዮስቲኖስን የሞት ፍርድ የፈረደበት እሱ ነው። ሁለቱም ፈላስፎች! ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ተቀመጥኩ።

ብዙዎች የሚወቅሱት ግን በልጁ በኮሞደስ ነው። ከማርከስ በፊት የነበሩት ነገሥታት ጎበዝ ሰው ልጅ አድርገው እያሳደጉ ያወርሱ ነበር ይባላል። እውነት ነው፣ ግን በሕይወት ያለ ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። ማርከስ ነበረው። በ175 ደግሞ ማርከስ ሞቷል የሚል ወሬ ሲናፈስ አቪዲየስ ካሲየስ የተባለ የጦር አዛዥ ራሱን አነገሠ፤ ሦስት ወር ገደማ ቆይቶ በራሱ ሰዎች ተገደለ። ዙፋኑ ለሌላ ቢሰጥ የንጉሥ ልጅ ዝም ብሎ ይኖር ነበር? አይመስለኝም። ማርከስ በ177 ኮሞደስን አብሮት አነገሠው፣ በ180 ሞተ። ኮሞደስ በአደባባይ ከግላዲያተሮች ጋር እየተፋለመ ሕዝቡን ጉድ አሰኝቶ፣ በ192 መጨረሻ ታንቆ ተገደለ።

የማርከስ የነሐስ ሐውልት፣ በፈረስ ላይ እንደተቀመጠ፣ ዛሬም ሮም ውስጥ አለ። በመካከለኛው ዘመን ብዙ የነሐስ ሐውልት ቀልጦ ለሌላ ሥራ ሲውል እሱ የተረፈው፣ ሰዎች የመጀመሪያው ክርስቲያን ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ ስለመሰላቸው ነው።