ጥምጥምና ኪፓ፦ በቤተ እስራኤል ዘንድ ራሱን የሚሸፍነው ማን ነበር?

በአምስተርዳም፣ በኦስዶርፕ ሰፈር የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወደ ከተማው ደቡብ፣ ወደ ቦይተንፌልደርት ብቅ ሲል አናታቸው ላይ ትንሽ ክብ ቆብ ያደረጉ ወንዶች ሊያጋጥሙት ይችላሉ። ቆቧ ኪፓ ትባላለች። ብዙ ሰው እሷን ሲያይ «አይሁዳዊ ነው» ይላል። ኪፓ ያላደረገውን ግን አይሁዳዊ አይደለም ማለት አይቻልም። ለዚህ ከአገር ቤት ከቤተ እስራኤል የተሻለ ምስክር አይገኝም።

በጎንደር ዙሪያ፣ በወለቃ፣ በአምቦበርና በስሜን ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ኪፓን አያውቁም ነበር። ኦሪት ራሱን እንዲሸፍን የምታዝዘው ካህኑን ነው፤ በዘጸአት ምዕራፍ 28 የአሮን ጥምጥምና የልጆቹ ቆብ ተዘርዝሯል። ስለ ተራው ሰው ትእዛዝ የለም። የሁሉም ወንድ ልማድ ያደገው በታልሙድ ሊቃውንት ዘንድ ነው። ከእነርሱ አንዱ፣ የራቭ ኢያሱ ልጅ ራቭ ሁና፣ ራሱን ሳይሸፍን አራት ክንድ እንኳ እንደማይራመድ ተጽፏል። የአንድ ሰው ትሕትና ውሎ አድሮ የሕዝብ ሥርዓት ሆነ። ታልሙድ ያልደረሳቸው ቤተ እስራኤል ግን ኦሪቱን እንደተጻፈ ያዙ። የነጩ ጥምጥም ክብር የቄሱ ነበር። ገበሬው፣ ቀጥቃጩና ሸማኔው ከክርስቲያን ጎረቤቱ የሚለየው በራሱ ላይ ባደረገው ሳይሆን አንገቱ ላይ ባላሰረው ማተብ ነበር። ሴቶቹም ሻሽ አስረው ነጠላ ሲለብሱ ከጎረቤቶቻቸው እምብዛም አይለዩም።

ሕጉን ከሌላ የተማረ ሕዝብ አምስተርዳምም ነበራት። ከ16ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ ከፖርቱጋል የመጡት አይሁድ በግድ የተጠመቁ ሰዎች የልጅ ልጆች ነበሩ። ሥርዓታቸውን ከቬኒስና ከሌላም ቦታ በመጡ መምህራን እንደ አዲስ ተማሩ። በ1675 (በአውሮፓ አቆጣጠር) የተመረቀው ምኩራባቸው ዛሬም ቆሟል፤ የሚገባ ወንድ ሁሉ፣ አይሁዳዊ ባይሆንም፣ ራሱን እንዲሸፍን ይጠየቃል። ሃይማኖት አጥባቂ ባለትዳር ሴቶች ደግሞ ፀጉራቸውን በሻሽ፣ በባርኔጣ ወይም በዊግ ይሸፍናሉ፤ ልጃገረዶች አይገደዱም።

የአምስተርዳሞቹ የጠፋባቸውን ነው የተማሩት። ቤተ እስራኤል ግን የጠበቁትን እንዲተዉ ተጠየቁ። በ1973 ዋናው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍ አይሁድ ናቸው ብለው ፈረዱ። በ1984ና በ1985 በሱዳን በኩል፣ በ1991 ደግሞ ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ከ14,000 በላይ ሰዎች ወደ እስራኤል ገቡ። ልጆቹ በብዛት ወደ ሃይማኖት አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተላኩ፤ ወንዶቹም ኪፓ አደረጉ። የረቢዎች ጽሕፈት ቤት ግን ለማግባት በውኃ ተነክረው ይንጹ አለ። በረሃ አቋርጦ፣ ዘመዱን በሱዳን ቀብሮ ለመጣ ሰው ከዚህ የከፋ ስድብ ምን አለ? በ1985 በኢየሩሳሌም አንድ ወር ያህል በጽሕፈት ቤቱ ደጃፍ ተቀምጠው ተቃወሙ። ቄሶቹም በአገራቸው የነበራቸው የማጋባት ሥልጣን በረቢዎች እጅ ገባ። ጥምጥሙ ሳይወልቅ ሥልጣኑ ወለቀ።

የስግድ በዓል በ2008 በሕግ ብሔራዊ በዓል ሆኗል። በየዓመቱ ኢየሩሳሌም ላይ ቄሶቹ ነጭ ጥምጥማቸውን አድርገው፣ በባለ ቀለም ጃንጥላ ሥር ቆመው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ። እናቶች በነጠላ ተሸፍነው ይሰግዳሉ። ከፊታቸው ኪፓ ያደረጉ የልጅ ልጆቻቸው ቆመዋል፤ አብዛኞቹ ግዕዙን አይሰሙም።