በቡና ለቀማ ወራት የ7ኛ ክፍል ሳይንስ፦ በጌዴኦ ዞን ከተማሪው የሚጠበቀውና የሚደረግለት ድጋፍ

በይርጋጨፌ ወረዳ በምትገኘው ኢዲዶና በአካባቢዋ ቀበሌዎች ቡና በዋናነት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ይለቀማል። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት ትምህርት የሚገፋውም በእነዚሁ ወራት ነው። ተማሪው ለቤተሰቡ ለቃሚ ነው፤ በትምህርት ቤት ደግሞ ተከታታይ ምዘና ይጠብቀዋል። የማጠናከሪያ ትምህርት በአብዛኛው የሚታሰበው የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ሲቃረብ ስለሆነ፣ ልጁ የሚከልሰው ጨርሶ ያልተማረውን ነው። በእኔ ግምት የችግሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው፤ የሚጠበቀው ውጤት ከፍ ማለቱ ሳይሆን ድጋፉ ዘግይቶ መምጣቱ ነው የሚጎዳው።

የሚጠበቀው ነገር ራሱ ተለውጧል። በ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ 7ኛና 8ኛ ክፍል የአንደኛ ደረጃ አካል ነበሩ፤ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂም ለየብቻ ይሰጡ ነበር። በአዲሱ የ6-2-4 መዋቅር ሁለቱ ክፍሎች መካከለኛ ደረጃ ሲሆኑ ሦስቱ ትምህርቶች በአጠቃላይ ሳይንስ ተጠቃለዋል። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ሆኖም በኬሚስትሪ የሠለጠነ መምህር ስለ ሕዋስም ስለ ኃይልም እንዲያስተምር ይጠበቅበታል። ድጋፍ የሚያሻው ተማሪው ብቻ አይደለም።

ቋንቋው ሌላ ሸክም ነው። በቀድሞው ደቡብ ክልል አሠራር የጌዴኦ ልጅ እስከ 4ኛ ክፍል በጌዴኡፋ ይማርና ከ5ኛ ክፍል ጀምሮ ሳይንስን በእንግሊዝኛ ይቀጥል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ካትሊን ሂውና ባልደረቦቿ ለትምህርት ሚኒስቴር ያቀረቡት ጥናት፣ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የተማሩ ልጆች በሒሳብና በሳይንስ የተሻለ ውጤት እንደሚያመጡ አሳይቷል። የማስተማሪያ ቋንቋውን መቀየር ከአንድ ትምህርት ቤት አቅም በላይ ቢሆንም፣ ከእያንዳንዱ ምዕራፍ ምን እንደሚጠበቅና ነጥቡ እንዴት እንደሚያዝ በጌዴኡፋ በአንድ ገጽ ጽፎ ለወላጅ መላክ ግን አያቅትም።

ለቀማው ራሱ ትምህርት አለው። እሸት ቡናው ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ በተባይ የተበላውና ፍሬው ያልሞላው ይንሳፈፋል፣ ደህናው ይሰጥማል። ይህ የእፍግታ ትምህርት ነው። የተፈለፈለው ፍሬ ሙጫ መሰሉ ሽፋን እስኪለቅ ድረስ በገንዳ ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ36 እስከ 72 ሰዓት ይብላላል፤ ሥራውን የሚሠሩት ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። አየሩ ሲቀዘቅዝ ጊዜው ይረዝማል፤ ሙቀት የኬሚካላዊ ለውጥን ፍጥነት እንደሚወስን ከዚህ የተሻለ ማሳያ የት ይገኛል? ቀጥሎ ቡናው ታጥቦ በአልጋ ላይ ይሰጣል፤ እርጥበቱም ወደ 12 በመቶ ገደማ ይወርዳል። አንድ ተማሪ ቡናው ገንዳ የገባበትንና የታጠበበትን ሰዓት፣ ከቀኑ ሙቀት ጋር፣ በደብተሩ በሠንጠረዥ ቢያሰፍር የተግባር ነጥብ የማይያዝለት በምን ምክንያት ነው? በጓሮ ጉድጓድ የሚብላላው ቆጮም ለንጽጽር አለ። እርግጥ የአተምን ሞዴል ማጠቢያ ጣቢያ አያስተምርም፤ እሱን መምህሩ በክፍል ውስጥ ከመነሻው ማስረዳት አለበት።

ስለ መምህር ግምት ሲነሳ ሮዘንታልና ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተሙት ጥናት ይጠቀሳል፤ መምህሩ ብዙ የጠበቀበት ልጅ የበለጠ ይሻሻላል የሚል ነው። ውጤቱ ጎልቶ የታየው ግን በ1ኛና በ2ኛ ክፍል ልጆች ነበር። «ትችላለህ» የሚለው ቃል ብቻውን የ13 ዓመት ልጅን የኅዳር ቀሪ አያካክስም። ውጤት ሲወድቅም ውይይቱ እስከ መሠረቱ እምብዛም አይወርድም፤ በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በነበሩ ጊዜ ክርክሩ በኩረጃና በፈተናው ክብደት ላይ አተኮረ፤ 7ኛ ክፍልን ያነሳ ጥቂት ነበር።

ድጋፉን በጊዜው ለማድረስ መንገድ አለ። ዲላ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1996 ሥራ የጀመረው የመምህራን ትምህርትና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሆኖ ነው። የሳይንስ ተማሪዎቹን በጥቅምትና በኅዳር ቅዳሜዎች ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች ቢልክ ትልቁ ወጪ ትራንስፖርት ነው። ወረዳው በበኩሉ የመጀመሪያውን መንፈቅ ዓመት ምዘና ከፊሉን ወደ ጥር ማሸጋገር፣ በለቀማ የቀረ ልጅም ያመለጠውን ፈተና ያለ ቅጣት እንዲወስድ መፍቀድ ይችላል።