ክሮስታታ

ክሮስታታ በጣሊያን ቤቶች የሚጋገር የማርማላታ ኬክ ነው። ፓስታ ፍሮላ የሚባለው ሊጡ ከዱቄት፣ ከቅቤ፣ ከስኳርና ከእንቁላል ይሠራል፤ ቅቤው ብዙውን ጊዜ የዱቄቱን ግማሽ ያህላል። የፔሌግሪኖ አርቱዚ ዝነኛ የምግብ አሠራር መጽሐፍ (1891 እ.ኤ.አ.) የሊጡን አሠራር ይዟል።

ብልሃቱ ያለው ሊጡ ላይ ነው። ቀዝቃዛ ቅቤ በጣት ጫፍ ከዱቄቱ ጋር ሲፈተግ ስቡ የዱቄቱን ቅንጣቶች ይሸፍናል፤ ውሃ በደንብ ስለማያገኛቸው ግሉተን አይጠነክርም፣ ቂጣውም አፍ ውስጥ ፍርክስክስ ይላል። እንደ ዳቦ ሊጥ አጥብቆ ያሸው ሰው ግን ጥርስ የሚፈትን ነገር ይጋግራል። ሊጡ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቀዝቀዣ ውስጥ አርፎ ይዳመጣል፤ ማርማላታ ተቀብቶበት፣ ከላይ የሊጥ ጥብጣብ ተጠላልፎበት በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይጋገራል።

ትኩስ ፍራፍሬ ሲጨመር ጥብጣቡ ይቀራል። እንጆሪ ወይም ኮክ የሚደረደረው ኬኩ ከበረደ በኋላ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ውሃው ሥሩን ያርሰዋል።