ጠባቂው ሲታወር፦ ከስልክ ሽቦ እስከ ወረዳ ኔት የብልሽት ፍለጋ ታሪክ

በጉንደ ወይን፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ባለጉዳይን ከመንግሥት ቢሮ ወይም ከባንክ ደጃፍ ከሚመልሱ ቃላት መካከል «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ያህል የተለመደ የለም። ቃሉ ግን የአንድ ብልሽት ስም አይደለም። የመብራት መጥፋት፣ የመስመር መበጠስ፣ የሰርቨር መጨናነቅ፣ ማለትም ለብዙ ኮምፒውተሮች መረጃ እያከማቸ የሚያቀርበው ማዕከላዊ ኮምፒውተር ሥራ ሲበዛበት መዘግየቱ፣ አንዳንዴም ምንም ሳይበላሽ መስመሩንና ሰርቨሩን የሚከታተለው መቆጣጠሪያ የራሱ መሳሳት በዚሁ በአንድ ቃል ይጠራሉ። የመገናኛ ጥገና ሙያ ታሪክ በአብዛኛው በዚህ አንድ ቃል ሥር የተደበቁትን ብልሽቶች እየለዩ የማውጣት ታሪክ ነው።

የሀገሪቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ታሪክ የሚቆጠረው ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. ከ1894 ጀምሮ ሲሆን፣ ሐረርንና አዲስ አበባን ያገናኘው መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። ምሰሶውን ምስጥ ስለሚበላው፣ ሽቦውንም ለጌጥ የፈለገው ሰው ስለሚቆርጠው፣ የመስመሩ ጥበቃ የሰው እግርና የሰው ዐይን ሥራ ሆነ። በሌላው ዓለም የቴሌግራፍ መሐንዲሶች ከመስመሩ ጫፍ ሳይነሡ የሽቦውን የኤሌክትሪክ መቋቋም ለክተው ሽቦው መሬት የነካበትን ርቀት ማስላት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ችለው ነበር። ይሁን እንጂ መለኪያ በሌለው ስልከኛ እጅ የነበረው ምልክት ዝምታ ብቻ ነበር፤ ዝምታውም ሁለት ትርጉም ነበረው፤ ወይ ሽቦው ተበጥሷል፣ ወይ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ስልከኛ ከመሣሪያው ርቋል። ይህ የዝምታ አሻሚነት ከሽቦው ዘመን ወደ ኮምፒውተሩ ዘመን ሳይፈታ ተሻግሯል።

እ.ኤ.አ. በ1983 ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ «ፒንግ» የተሰኘውን፣ ወደ ሩቅ ኮምፒውተር አጭር መልእክት ልኮ መልሱ እስኪደርስ የፈጀውን ጊዜ የሚለካ ፕሮግራም ጻፈ። መልስ ሲጠፋ ግን የፒንግም ዝምታ እንደ ስልከኛው ዝምታ አሻሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው ዊንዶውስ ኤንቲ የተሰኘው የኮምፒውተር ሥርዓተ ክወና ደግሞ የሰርቨሩን የማስታወሻ፣ የዲስክና የፕሮሰሰር ሥራ እየቆጠሩ የሚያሳዩ ቆጣሪዎችን ይዞ መጣ። ከዚህ በኋላ ብልሽት ፈላጊው አዲስ ዓይነት ችግር ገጠመው። ፕሮግራም ሲጫን ወይም ሲነሣ የቆጣሪዎቹ ስም የተጻፈበት መዝገብ ይዛባል፤ በዚህ ጊዜ ሰርቨሩ ደህና እየሠራ መቆጣጠሪያው ባዶ ያሳያል፣ በስሕተት መዝገቡም ላይ «ፐርፍሊብ» የሚል ስም የያዘ ማስጠንቀቂያ ይሰፍራል። መድኃኒቱ ሰርቨሩን መነካካት ሳይሆን «ሎድ ሲቲአር» በተባለው ትእዛዝ የቆጣሪዎቹን መዝገብ እንደገና መገንባት ነው። ይህን ያልለየ ባለሙያ ጤነኛውን ማሽን አጥፍቶ ያስነሣዋል፣ ተገልጋዩንም በከንቱ ያስጠብቃል።

ይህ የኮምፒውተር መረብ ብልሽት ፍለጋ ሙያ ወደ ወረዳ ከተሞች የመጣው በዋናነት በወረዳ ኔት ነው። በአቅም ግንባታ ሚኒስቴር ዘመን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ይህ መረብ 600 ያህል ወረዳዎችን በሳተላይት ከአዲስ አበባ ጋር ለማገናኘት የታሰበ ነበር። የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ መቀመጫ ለሆነችው ለጉንደ ወይንና ለመሰሎቿ የሳተላይት ትርጉም ግልጽ ነበር፤ ሳሕኑ ወደ ሰማይ ስለሚያይ ምልክቱ የዓባይን በረሃ መውረድና መውጣት አያስፈልገውም። ዋጋው ግን ጊዜ ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ስለሚገኝ፣ ጥያቄው ወጥቶና ወርዶ፣ መልሱም እንዲሁ ወጥቶና ወርዶ እስኪደርስ 144 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ በብርሃን ፍጥነት እንኳ ይህ ግማሽ ሰከንድ ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ለምድር መስመር የተሠራ፣ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ብቻ የሚታገሥ መቆጣጠሪያ በሕይወት ያለውን ሰርቨር «ሞቷል» ብሎ ያረዳል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ከባድ ዝናብ ምልክቱን ስለሚያዳክም፣ በሐምሌ የሚታየው የመቆራረጥ ብዛት ከሰርቨሩ ይልቅ የደመናው ታሪክ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በላይ ባለሙያን የሚያደናግረው የሰዓት ጉዳይ ነው። የቢሮው ሠራተኛ «ሲስተሙ ከጧቱ 3 ሰዓት ላይ ቆመ» ሲል፣ የሰርቨሩ መዝገብ ያንኑ ቅጽበት 9፡00 ብሎ ይይዘዋል፣ በዓለም አቀፍ ሰዓት የተስተካከለ መሣሪያ ደግሞ 6፡00 ይለዋል። ሦስቱም እውነት ሲሆኑ፣ የአቆጣጠሩን ልዩነት ያላሰበ መርማሪ ብልሽቱን በተሳሳተ ገጽ ላይ ይፈልጋል። በዚህ ላይ በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ካለቀች፣ መብራት ጠፍቶ በመጣ ቁጥር ሰዓቱ ወደ ኋላ፣ አንዳንዴም ወደ ማሽኑ የትውልድ ዓመት ይመለሳል፤ የዛሬው ስሕተትም ከብዙ ዓመታት በፊት እንደተፈጸመ ሆኖ ይመዘገባል። ርካሽ ባትሪ በመለወጥ የሚድን በሽታ ውድ ሰርቨር እንዲቀየር ሰበብ የሚሆነው እንዲህ ነው፤ የዚህ ዓይነቱ ጥፋት የሚያስቆጨውም ማንም ሳያጠፋ የሕዝብ ገንዘብ ስለሚባክን ነው።

የምኒልክ ቤተ መንግሥት ስልክ ታሪክ ተጽፏል፤ ምስጥ የበላውን ምሰሶ እየተኩ መስመሩን በእግራቸው ያቀኑት ሰዎች ታሪክ ግን ከነሱ ጋር የተቀበረው ይበዛል። የወረዳ ባለሙያዎች ዕጣ እንደዚያ እንዳይሆን፣ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ክፍሎች ያረጀ ሰርቨር ከክፍል በሚያወጡበት ጊዜ፣ መቼ እንደቆመ፣ ምን እንደታሰበና በመጨረሻ ምን ሆኖ እንደተገኘ በእጅ የተጻፈበትን ደብተር አብረው ሊጥሉት አይገባም።