የታሪፍ ምደባ፦ ሙዝ ጉምሩክ ሲደርስ የሚሰጠው ቁጥር

ከአርባ ምንጭ አካባቢ ሙዝ ሰብስቦ ወደ ውጭ ሊልክ የተነሣ ነጋዴ ወይም ማኅበር ዲክላራሲዮን ሲሞላ «ኤችኤስ ኮዱ ስንት ነው?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም። ብዙ ሰው መልሱን ለትራንዚተሩ ይተወዋል። ቀረጡ፣ የሚጠየቀው ሰርተፊኬትና የጥራት መስፈርቱ የሚታወቁት ግን በዚህ ቁጥር ስለሆነ፣ የዕቃው ባለቤት ጉዳዩን በራሱ ቋንቋ ሊያውቀው ይገባል።

ለአንድ ዕቃ ትክክለኛውን ቁጥር ፈልጎ የመስጠቱ ሥራ «የታሪፍ ምደባ» ይባላል። ቁጥሩ የሚገኝበት ዓለም አቀፍ ዝርዝር «የተጣጣመ የዕቃዎች አመዳደብ ሥርዓት» ነው፤ «ኤችኤስ» የሚለው ምሕጻረ ቃልም ከእንግሊዝኛ ስሙ የመጣ ነው። ዝርዝሩን የሚያስተዳድረው ዋና መሥሪያ ቤቱ ብራስልስ የሆነው የዓለም ጉምሩክ ድርጅት ሲሆን፣ ሥራ ላይ የዋለው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1988 ጀምሮ ነው። የቁጥሩ የመጀመሪያ ስድስት አኃዞች በሥርዓቱ በሚጠቀሙ አገሮች ሁሉ አንድ ናቸው። ከስድስቱ በኋላ ያለውን እያንዳንዱ አገር እንደ ፍላጎቱ ይጨምራል። ስለዚህ የእኛ ታሪፍ መጽሐፍ ላይ ያለው ረጅም ቁጥር ከገዢው አገር ቁጥር ጋር መጨረሻው ላይ ቢለያይ አያስደነግጥም። ስድስቱ ከተለያዩ ግን አንዱ ወገን ተሳስቷል ማለት ነው።

ተራው ሙዝ 0803.90 ነው። «08» ምዕራፉን ያሳያል፤ የሚበሉ ፍራፍሬዎች እዚያ ናቸው። «0803» ርዕሱ ነው፤ ትኩስም ሆነ የደረቀ ሙዝን ይይዛል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች ንዑስ ርዕሱን ይለያሉ። እስከ 2011 እ.ኤ.አ. ድረስ ሙዝ ሁሉ 0803.00 በሚል አንድ ቁጥር ይጠራ ነበር። በ2012 ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ግን ለሁለት ተከፈለ፤ 0803.10 ለፕላንቴይን፣ 0803.90 ለቀረው ሙዝ ሁሉ ሆነ።

ፕላንቴይን እኛ ልጠን ከምንበላው ሙዝ ይለያል። ስታርቹ ብዙ፣ ጣፋጭነቱ አነስተኛ ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተጠብሶ ወይም በዘይት በስሎ ይበላል። በምዕራብ አፍሪካና በካሪቢያን የዕለት ምግብ ነው፤ አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችንም በየሱፐርማርኬቱ ከተራው ሙዝ ጎን ተደርድሮ ያዩታል። በአማርኛ «የማብሰያ ሙዝ» ብንለው ይሻላል ባይ ነኝ። አንዳንዶች «አረንጓዴ ሙዝ» ይሉታል፤ ይህ ስም ለጉምሩክ ሥራ አደገኛ ነው። ለውጭ ገበያ የሚጫን ማንኛውም ሙዝ መንገድ ላይ እንዳይበስል አረንጓዴ ሳለ ይቆረጣል። በደረሰኝ ላይ «አረንጓዴ ሙዝ» ብሎ የጻፈ ላኪ ጣፋጩን ሙዝ ሳያስበው ወደ 0803.10 ሊመራው ይችላል።

የሁለቱ ቁጥሮች ልዩነት በገንዘብ ምን ያህል እንደሆነ የአውሮፓ ኅብረት በደንብ ያሳያል። ልዩ ስምምነት ከሌለው አገር የሚገባ ትኩስ ተራ ሙዝ በክብደት ይቀረጣል፤ በቶን 114 ዩሮ። ሃያ ቶን የጫነ ኮንቴይነር 2,280 ዩሮ ይከፍላል ማለት ነው። የማብሰያ ሙዝ ግን የሚቀረጠው በዋጋው ነው፤ 16 በመቶ። የ114 ዩሮው ቀረጥ ራሱ ረጅም ታሪክ አለው። ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኅብረቱ የሙዝ ገበያ ደንብ ከላቲን አሜሪካ አምራቾችና ከአሜሪካ ጋር ለዓመታት አካሰሰው፤ በታኅሣሥ 2009 እ.ኤ.አ. ጄኔቫ ላይ ቀረጡ ከ176 ዩሮ ደረጃ በደረጃ እንዲወርድ ተስማሙ። ኢትዮጵያ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ላሉ አገሮች በተሰጠው ዕድል ሙዟን ያለ ቀረጥ ወደ ኅብረቱ ማስገባት ትችላለች። ዕድሉ የሚገኘው ግን የትውልድ አገር ማረጋገጫው ሲሟላና ቁጥሩ ትክክል ሲሆን ነው።

ከቀረጥም ሌላ ጣጣ አለ። ኅብረቱ ለትኩስ ተራ ሙዝ ዝቅተኛ ርዝመት 14 ሴንቲ ሜትር፣ ዝቅተኛ ውፍረት 27 ሚሊ ሜትር ብሎ ደንግጓል። ይህ መስፈርት የማብሰያ ሙዝን አይመለከትም።

በምደባ ሥራ ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ያለበት ሁኔታ ላይ ነው። ሙዝ ቀዝቃዛ ኮንቴይነር ውስጥ ስለተጓዘ ቁጥሩ አይለወጥም፤ የምዕራፍ 8 ማስታወሻ የቀዘቀዘን ፍሬ እንደ ትኩስ ይቆጥረዋል። በረዶ እስኪሆን ከቀዘቀዘ ግን ወደ 0811 ይሄዳል። ተቆርጦ ቢደርቅ እዚያው 0803 ይቆያል። ያው ቁራጭ በዘይት ተጠብሶ ቺፕስ ከሆነ ከምዕራፍ 8 ወጥቶ ርዕስ 2008 ውስጥ ይገባል፤ መጥበስ ምዕራፉ ከሚፈቅዳቸው አሠራሮች ውስጥ የለምና። ተፈጭቶ ዱቄት ከሆነ 1106.30 ነው። ስለዚህ አንድ ማኅበር ትኩስ ሙዝ፣ የደረቀ ሙዝና ቺፕስ በአንድ ጭነት ቢልክ ሦስቱን በየራሳቸው መስመር ማስመዝገብ አለበት። «የሙዝ ውጤቶች» ብሎ በጅምላ መጻፍ ለፈታሹም ለላኪውም ችግር ነው።

የእንሰትም ነገር ይነሣ። ፈረንጆች እንሰትን «ሐሰተኛ ሙዝ» ስለሚሉት ቆጮና ቡላን ሙዝ ርዕስ ሥር የመፈለግ ፈተና አለ። ርዕስ 0803 የሚናገረው ግን ስለ ሙዝ ፍሬ ነው። ቆጮና ቡላ ከእንሰት ግንድና ሥር የሚዘጋጁ ናቸው፤ ፍሬም አይደሉም፣ ሙዝም አይደሉም። የመጀመሪያው የአመዳደብ ደንብ ዕቃ የሚመደበው በርዕሶቹ ቃላትና በየክፍሉና በየምዕራፉ ማስታወሻዎች ነው ይላል፤ የንግድም ሆነ የልማድ ስም አይወስነውም።

ሙዝ ለመላክ የምታስቡ ማኅበራትና ነጋዴዎች፣ ከመጫናችሁ በፊት የዕቃውን ዓይነት፣ ትኩስ ወይም የደረቀ መሆኑን፣ የተሠራበትንም መንገድ በግልጽ ጽፋችሁ ስድስቱን አኃዝ ከገዢያችሁ ጋር አስተያዩ። ገዢያችሁ አውሮፓ ውስጥ ከሆነና ጥርጣሬ ካለ፣ ከአገሩ ጉምሩክ «አስገዳጅ የታሪፍ መረጃ» የሚባለውን የጽሑፍ ውሳኔ ቀድሞ እንዲያወጣ ጠይቁት። ውሳኔው ጉምሩኩንም ባለቤቱንም ለሦስት ዓመት ያስገድዳል።